ኢማንና ሙከራ፦ ከኢብኑል ሀይሠም ሕይወት

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም። ምስጋና ለዓለማቱ ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! በየቤታችን ልጅ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ «ዝም በል፣ ትላልቆች ያሉትን ተቀበል» እንለዋለን። አንዳንዶቻችን ይህን የኢማን ጥንካሬ አድርገን እናየዋለን። የዑለሞቻችን ታሪክ ግን ሌላ ይነግረናል።

አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም እ.ኤ.አ በ965 ገደማ በኢራቋ በስራ ተወለደ። ታሪክ ጸሐፊው ኢብኑል ቂፍጢ እንደዘገበው፣ የዓባይን ውሃ ለሕዝብ ጥቅም መቆጣጠር እንደሚቻል በመናገሩ የግብፁ ገዥ አል-ሐኪም አስጠራው። አስዋን አካባቢ ደርሶ ወንዙን ሲመረምር ግን ዕቅዱ እንደማይሆን ተረዳ፤ ተመልሶም ለገዥው እውነቱን ተናገረ። ኋላም ቁጣውን በመፍራት አል-ሐኪም በ1021 እስኪሞት ድረስ እብድ መስሎ ቤቱ ተቀመጠ ይባላል። ከዚያ በኋላ በአዝሀር መስጊድ አጠገብ መጻሕፍት እየገለበጠ ኖረ።

ዩክሊድና በጥለሚዩስን የመሳሰሉ የግሪክ ሊቃውንት ሰው የሚያየው ከዓይኑ በሚወጣ ጨረር ነው ይሉ ነበር። እርሱ ግን «ኪታቡል መናዚር» በተባለው ሥራው ብርሃን ከሚታየው ነገር ወደ ዓይን እንደሚመጣ አስረዳ። በክርክር ብቻ አላበቃም። በጨለማ ክፍል ቀዳዳ ትይዩ ብዙ መብራቶችን ደርድሮ፣ አንዱ ሲሸፈን በግድግዳው ላይ የእርሱ ብርሃን ብቻ እንደሚጠፋና ሲገለጥ እንደሚመለስ አሳየ። መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በ1572 በባዝል ከተማ ታተመ።

ይህ ድፍረት ከየት መጣ? በጥለሚዩስን በሞገተበት መጽሐፉ፣ አላህ ሊቃውንትን ከስህተት እንዳልጠበቃቸው ጽፏል። እውነትን የሚፈልግ ሰው የሌሎችን ቃል ይመርምር፣ የራሱንም አስተያየት ይጠርጥር ብሏል። ፍጹምነት የአላህ ብቻ መሆኑን ያመነ ሰው የሰው ዝና አያስፈራውም፤ በራሱም አይኩራራም።

ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ) የመዲና ገበሬዎች በእርሳቸው አስተያየት የተምር ዛፍ ማዳቀል ትተው ምርቱ ባነሰ ጊዜ፣ የዱንያ ጉዳያቸውን እነርሱ ይበልጥ እንደሚያውቁ መናገራቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። የዲን መሠረት በወሕይ ይጸናል፤ የእርሻና የእጅ ሥራ ዕውቀት ግን በሙከራ ይጠራል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ሲጠይቅ «ና፣ አብረን እንየው» በሉት። ማታም ራሳችንን «ዛሬ ምን ሞከርኩ? ምንስ አረምኩ?» ብለን እንተሳሰብ።

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይስጠን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።