ሁለቱም ውሃ ይመስላሉ

ሱለይማኒያ በምሠራበት ቤት፣ ፍሪጁ በር ላይ ሁለት የኢንሱሊን መርፌ ጎን ለጎን ይቀመጣል። አንዱን ማማ ከምግብ በፊት ይወጋሉ፣ ሌላውን ማታ። ከእኔ በፊት የነበረችው እህት ሥራውን ስታስረክበኝ፣ «የደፈረሰው የማታ ነው፣ የጠራው የምግብ ነው፤ እንዳትሳሳቺ» ብላኝ ነበር። በኋላ ሐኪም የማታውን ሲቀይርላቸው ግን ሁለቱም እንደ ውሃ የጠሩ ሆኑ።

አንድ ማታ የማታውን ልሰጣቸው ብዬ የምግቡን አንስቼ ኖሯል። መርፌውን ልገጥም ስል ስሙ ታየኝ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ። በባዶ ሆድ ያን ያህል ፈጣን ኢንሱሊን ቢወጉ፣ ተኝተው ስኳራቸው ወርዶ ላይነቁ ይችሉ ነበር። ኮንትራቴ ላይ ያለው የቤት ሥራ ነው፤ ጥፋቱ ግን የማን እንደሚባል እናንተም ታውቁታላችሁ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ሁለቱ ለምን እንደተመሳሰሉ በስልኬ ማንበብ ያዝኩ።

ነገሩ ከ100 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ከተማ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ከከብት ቆሽት የወጣ ኢንሱሊን ተወግቶ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ያ መድኃኒት ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ግን ቶሎ ያልቃል፤ በቀን ደጋግሞ መወጋት ግድ ነበር። በ1936 የዴንማርኩ ሐኪም ሃገዶርን ከዓሣ የሚገኝ ፕሮታሚን የሚባል ፕሮቲን ጨመረበት። ድብልቁ በደንብ ስለማይሟሟ ከቆዳ ሥር ቆይቶ ቀስ እያለ ይለቀቃል። የእህታችን ሕግ የመጣው እንዲህ ካለው ነው፤ ድፍርሱ የሚዘገየው ስላልሟሟ ነው።

ኢንሱሊን ራሱ ፕሮቲን ነው፤ 51 አሚኖ አሲዶች በሁለት ክር እንደተሰካ ዶቃ ተያይዘው። ክሩ እንዴት እንደሚጠቀለል ያሳየችን ሴት ናት፤ ዶሮቲ ሆጅኪን። በ1910 ካይሮ ተወለደች። በአራት ዓመቷ ጦርነት ሲነሣ እናቷ እሷንና ታናናሾቿን እንግሊዝ አገር አያቶቻቸው ጋ ትታ ወደ አባታቸው ሥራ ቦታ ተመለሰች። ልጅ ለእናታችን ትተን የመጣን ሰዎች ይሄን ስናነብ ሆዳችን ይባባል። ዶሮቲ ገና በወጣትነቷ የመገጣጠሚያ በሽታ እጇን አጣመመው፤ ሥራዋን ግን አልተወችም። በ1934 የጀመረችውን የኢንሱሊን ቅርጽ ያገኘችው በ1969 ነው፤ 35 ዓመት! ኢንሱሊን ስድስት ስድስት ሆኖ በዚንክ ዙሪያ እንደሚጣበቅ ቁልጭ ብሎ ታየ።

በ1978 ደግሞ የሰው ኢንሱሊን በባክቴሪያ ተሠራ፤ ከዚያ ወዲያ ዶቃውን እየቀያየሩ መሥራት ተቻለ። በ1996 ሁለት ጎረቤት ዶቃዎች ቦታ የተለዋወጡበት ኢንሱሊን ተፈቀደ፤ እርስ በርሱ ስለማይጣበቅ ቶሎ ይሠራል። በ2000 ሌላ መጣ፤ አንድ ዶቃ ተቀይሮ፣ ሁለት ተጨምሮበት። ይሄኛው ብልቃጡ ውስጥ ትንሽ አሲድ ስላለ ይሟሟል፣ ይጠራል፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ግን ደቃቅ ክሪስታል ሆኖ አንድ ቀን ያህል በጥቂት በጥቂቱ ይለቀቃል። ድፍርሱ የጠፋ መሰለን እንጂ ከቆዳ ሥር ሄዶ ነው!

ሰው በዚህም አላቆመም። በ2003 የዴቪድ ቤከር ቡድን ተፈጥሮ የማታውቀውን ባለ 93 ዶቃ ፕሮቲን በኮምፒውተር ነድፎ ሠራ። ዘዴው በአጭሩ፣ ውሃ የሚሸሸውን ዶቃ ወደ ውስጥ፣ ውሃ የሚወደውን ወደ ውጭ አድርጎ ማጠፍ ነው። ቤከር በ2024 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

እህቶቼ፣ የደፈረሰው ኢንሱሊን ዛሬም አለ፤ የጠራ ሁሉ ግን ፈጣን አይደለም። በመልኩ አትመኑ፣ ስሙን እዩ፤ ሐኪም መድኃኒት ሲቀይር የትኛው መቼ እንደሚወጋ ሳትጠይቁ እንዳትነኩ። እኔ ልጃቸውን አስፈቅጄ ፕላስተር ለጠፍኩና በአማርኛ አንዱ ላይ «ምግብ»፣ ሌላው ላይ «ማታ» ብዬ ጻፍኩ። ፎቶውንም ያንን ሕግ ላስተማረችኝ እህት ላክሁላት፤ እሷም ሌላ ቤት አሮጊት ታስታምማለች።