ኮበር፣ የከተራ ዕለት

ካርቱም የነገደ ሁሉ ኮበርን ያውቃል። ከመሀል ከተማ ወደ ባህሪ ሲሻገሩ የሚገኝ ሰፈር ነው፤ ስሙን ያስጠራው ግን እንግሊዞች የሠሩት ወህኒ ቤት ነው። ብዙዎቻችን በአጥሩ ሥር ዕቃ ጭነን አልፈናል። በዚያ ግቢ የተፈጸመውን አንድ ታሪክ ግን በመካከላችን የሚያነሣው ጥቂት ነው። እኛንም ስለሚነካ ዛሬ ላንሣው።

ዕለቱ ዓርብ፣ ጥር 10 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 1985)። በአገራችን ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕር በሚወርዱበት የከተራ ዕለት፣ ኮበር ግቢ ውስጥ ማህሙድ መሐመድ ጣሃ የተባሉ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው አዛውንት በሕዝብ ፊት ተሰቀሉ። ለዚህ ያበቃቸው አንድ በራሪ ወረቀት ነው።

ተከታዮቻቸው “ኡስታዝ” የሚሏቸው እኚህ ሰው በጎርደን ኮሌጅ የተማሩ መሐንዲስ ነበሩ። በ1945 የሪፐብሊካን ፓርቲን መሠረቱ፤ በዓመቱ እንግሊዞች አሰሯቸው። ኋላም ስለ እስልምና አዲስ ሐሳብ ይዘው ተነሡ፤ ብዙ ሊቃውንት አጥብቀው ተቃወሟቸው። ተከታዮቻቸው መሣሪያ አላነሡም። በካርቱም ጎዳናዎች መጽሐፍ በእጃቸው ይዘው ይሸጡ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ቆመው ከሚቃወማቸው ጋር ይከራከሩ ነበር።

ፕሬዚዳንት ኒሜሪን ለዓመታት ደግፈው ቆይተዋል። በመስከረም 1983 ግን መንግሥት በሸሪዓ ስም ጅራፍና እጅ መቁረጥ ያለበትን ሕግ ሲያውጅ መንገዳቸው ተለያየ። ኡስታዝ ማህሙድ ያን ጊዜ ታስረው ነበር። በዲሴምበር 1984 ተፈትተው ሳምንት ሳይቆዩ “ወይ ይህ፣ ወይ የጥፋት ውኃ” የሚል ርእስ ያለው ወረቀት አወጡ። ጥያቄው ግልጽ ነበር፦ ሕጉ ይነሣ፣ በደቡብ ያለው ጦርነት በፖለቲካ ይፈታ፣ ሕዝቡ ሳይፈራ ይወያይ።

በገና ዕለት ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዳኞቹ ብቃት የሌላቸውና ለሥልጣን ያደሩ ናቸው፣ ችሎቱም አሳቢዎችን ማዋረጃ ሆኗል ብለው ከፍርድ ቤቱ ጋር አልተባበርም አሉ። በማግሥቱ ሞት ተፈረደባቸው። ጉዳዩን ያየው ይግባኝ ሰሚ ደግሞ በጊዜው የወንጀል ሕግ ላይ ያልተጻፈውን “ከሃይማኖት መውጣት” ጨመረበት። አብረዋቸው የተፈረደባቸው አራት ሰዎች ሐሳባቸውን ትተው ከሞት ተረፉ። የኡስታዝ አስከሬን በሄሊኮፕተር ተወስዶ ባልታወቀ በረሃ ተቀበረ።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባም ከካርቱም የተሻለች አልነበረችም። የበዓሉ ግርማ “ኦሮማይ” በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። አንዱ መንግሥት በሸሪዓ፣ ሌላው በአብዮት ስም ይገዛ ነበር። የተለየ ቃል የሰሙ ቀን የሠሩት ግን አንድ ነው።

ኒሜሪ ከስቅላቱ በኋላ ሦስት ወር እንኳ አልቆዩም፤ በሕዝብ አመፅ መካከል ኤፕሪል 6 ቀን 1985 ከሥልጣን ወረዱ። በ1986 የሱዳን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሞት ፍርዱን ዋጋ የለውም ብሎ ሻረው። ለተሰቀለ ሰው ምን ይፈይዳል?

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በኡስታዝ ላይ ያለ ሕግ የተጨመረው ክስ በ1991 አንቀጽ 126 ሆኖ በወንጀል ሕጉ ገባ። በ2014 ካርቱም ውስጥ በዚህ አንቀጽ በሞት የተፈረደባት ነፍሰ ጡር ሴት፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት ኦርቶዶክስ ነበረች። እምነትሽን ለውጪ ተብላ ሦስት ቀን ተሰጣት፤ እንቢ አለች። እስር ቤት ወለደች። ዓለም ስለጮኸላት በይግባኝ ነፃ ወጣች። አንቀጹ የተሻረው በ2020 ነው።

ውድ አንባቢዎች፣ በ1985 ከኛ መካከል ካርቱም የነበረ ሰው “ይህ የሱዳኖች የእርስ በርስ ጉዳይ ነው፣ እኛ እንግዶች ነን” ቢል ማንም አይፈርድበትም። እንግዳ ሰው አንገቱን ደፍቶ መኖር ይለምዳል። ነገር ግን ለአንድ ሰው አፍ የተሠራው መዝጊያ ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የኛን ልጅ ፈልጎ መጣ። የኡስታዝ ማህሙድን ትምህርት መቀበል ግዴታ አይደለም፤ ሱዳን ውስጥም ብዙ ሙስሊም አልተቀበለውም። የሚናገሩበትን መብት ለማክበር ግን ከሳቸው ጋር መስማማት አያስፈልግም ነበር።

እኛ ይህን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል። ዕቃችሁ አይረባም ያለንን ገዢ አናሳስረውም። ወይ የተሻለ እናሳየዋለን፣ ወይ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ ብለን እንሸኘዋለን። ስብሰባ ላይ ግን ስለ ማኅበር ገንዘብ የጠየቀውን “ከፋፋይ”፣ ስለ አገር ቤት ፖለቲካ የተለየ ያሰበውን “ከሃዲ” ብለን ከቡና ወንበራችን ስናርቅ አይቻለሁ፤ እኔም ዝም ብዬ አውቃለሁ።

ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ጦርነቱ ካርቱምን አፍርሶ ብዙዎቻችንን በመተማ በኩል አሸሽቶናል። አንድ ቀን ተመልሰን ሱቃችንን ስንከፍት፣ ያ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰውም አብሮን ይቀመጥ። ቡናውንም እኛ እንቅዳለት።