የአረጋውያን የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ

በዕድሜ የሚሳሳውን ጡንቻ፣ ክብደት በማንሳት ወይም የራስን ሰውነት በመሸከም መልሶ የማበርታት ልምምድ ነው። የጡንቻ መጠን ከ30 ዓመት በኋላ በየአስር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ይብሳል። ይህን የጡንቻ መሳሳት ሐኪሞች ሳርኮፔኒያ ይሉታል።

ጡንቻን የሚያጠነክረው ግን ሁሉም እንቅስቃሴ አይደለም። ለምሳሌ ሐዋሳ ለእግር ጉዞ የተመቸች የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። ሆኖም በሐይቁ ዳር ሜዳ ሜዳውን መራመድ ልብን ይጠቅማል እንጂ ጭንን እምብዛም አያጠነክርም፤ ለጭን የከተማዋ የታቦር ተራራ ዳገት ይሻላል። የጭን ጉልበት የሚታወቀው ከዱካ ሲነሱ ነው። አዛውንቱ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ተጭነው፣ ወደፊት አዘንብለው፣ «እህ» ብለው ይነሳሉ። ይህንኑ እጅ ሳይደገፉ፣ ቀስ ብለው እየተቀመጡ አሥር ጊዜ ቢደጋግሙት ሁነኛ ስፖርት ነው። ትንፋሽን አምቆ መያዝ ግን የደም ግፊትን ስለሚያሻቅብ አይገባም።

«አርጅቻለሁ» ማለት አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ የቦስተን ጥናት፣ ዕድሜያቸው 90 ገደማ የሆኑ የአረጋውያን መኖሪያ ነዋሪዎች ለ8 ሳምንታት ክብደት አንስተው የእግራቸው ጉልበት ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን የጡንቻ፣ 3 ቀን ደግሞ የሚዛን መጠበቂያ እንቅስቃሴ ይመክራል።

ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይገነባም፤ ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣው ቆሮሶ ዓሣ፣ በጾም ደግሞ ሽሮና ምስር ከማዕዱ ባይጠፉ መልካም ነው።