የነዳጅ ዝቃጭ ማገዶ

የነዳጅ ዝቃጭ ማገዶ የሚባለው፣ ድፍድፍ ነዳጅ በሚጣራበት ፋብሪካና በሚከማችበት ዴፖ ከታንከር ግርጌ የሚረጋው ጥቁር ጭቃ፣ ዘይቱና ውኃው በሚቻለው መጠን ከተለየለት በኋላ፣ ከሰጋቱራ ወይም ከሌላ ደረቅ ተረፈ ምርት ጋር ተለውሶና ተጨምቆ በጡብ መልክ የሚዘጋጅ ጠጣር ማገዶ ነው። ዝቃጩ ለነዳጅ፣ አተላ ለጠላ እንደ ሆነው ያለ ነው፤ ነገር ግን አተላ ለከብት ሲጠቅም፣ ይህ በሜዳ ቢደፋ አፈሩን ያመክናል፣ ውኃውንም ያረክሳል።

የቀደሙት ሊቃውንት ሥጋዊ ፍጥረት ከአራቱ ባሕርያት፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት እንደ ተገኘ ያስተምሩ ነበርና፣ በዚህ ጭቃ ውስጥም መሬትና ውኃ፣ ከእነርሱም ጋር የእሳት ምግብ የሆነው ዘይት ተዋሕደው መገኘታቸው የሚያስደንቅ ነው። በተፈጥሯቸው የማይስማሙት ዘይትና ውኃ ለዓመታት ሳይለያዩ የሚቆዩት፣ ደቃቅ አፈርና አስፋልቲን የተባለው ከባድ ውሑድ የእያንዳንዷን ጠብታ ገጽ እንደ ልብስ ሸፍነው ጠብታዎቹ እርስ በርስ እንዳይዋሐዱ ስለሚከለክሏቸው ነው። ስለዚህም የሥራው መጀመሪያ ይህን ሽፋን ማፍረስ ነው፤ ጭቃው ይሞቃል፣ መለያ መድኃኒት ይጨመርበታል፣ በፍጥነት በሚሽከረከር ማሽን ውስጥም ገብቶ ዘይቱ፣ ውኃውና ደለሉ እንደየክብደታቸው ይለያያሉ። እርጎ የናጠች እመቤት ሁሉ የዚህን ጥበብ መሠረት ታውቀዋለች፤ ቅቤው ከአሬራው የሚለየው የቅባቷን ጠብታ የሸፈነው ስስ ልባስ በመናጥ ሲቀደድ ነውና።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ቅባታም ደለል ብቻውን አይጨበጥም፣ በደንብም አይነድም። ሰጋቱራ፣ የቡና ገለፈት ወይም የሸንኮራ አገዳ ገለባ ሲጨመርበት ግን ቅባቱ ይመጠጣል፣ አየር የሚያልፍበት ክፍተትም ይገኛል፤ ኖራ ሲታከልበትም በነዳጁ ውስጥ ካለው ድኝ ከፊሉ ከአመዱ ጋር ይቀራል። ይህም ቢሆን ለአገራችን እንግዳ ጥበብ አይደለም፤ እበትን ከጭድ ጋር ለውሰው፣ በፀሐይ አድርቀው ኩበት የሚያበጁ እናቶች በዚሁ ሥርዓት ሲሠሩ ኖረዋል። ደረቅ እንጨት በኪሎግራም ከ15 እስከ 18 ሜጋ ጁል ሙቀት ሲሰጥ፣ ከባድ ነዳጅ ወደ 40 ሜጋ ጁል ስለሚሰጥ፣ የጡቡ ኃይል በውስጡ እንደቀረው ዘይት መጠን ከፍ ወይም ዝቅ ይላል።

ኢትዮጵያን ስንመለከት፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በአሰብ የተሠራው ማጣሪያ በ1967 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሮ በ1997 እ.ኤ.አ. ከተዘጋ ወዲህ፣ አገሪቱ የምትጠቀምበት ነዳጅ ተጣርቶ የሚመጣ ሆኗል። እንግዲህ የማጣሪያው ዝቃጭ በሌላ አገር ሲቀር፣ ለእኛ የቀረን የዴፖው ደለልና የጋራዡ የተቃጠለ ዘይት ነው። በአዲስ አበባ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የምትገኘው ሸጎሌ፣ የከተማ አውቶቡስ ማደሪያ ያለባት ሰፈር እንደ መሆኗ፣ ስለዚህ ነገር ለማሰብ የተገባች ስፍራ ናት። የተቃጠለ ዘይት በከተማችን ጨርሶ የሚጣል አይደለም፤ በበርሜል ይሸጣል፣ አጥርና ምሰሶን ከምስጥ ለመጠበቅ ይቀባል፤ በጋራዥ ወለል የፈሰሰውን የሚመጥጠው ሰጋቱራ ግን ባለቤት የለውም። ከእንጦጦ ግርጌ በምዕራብ በኩል የሚወርዱት ጅረቶች ወደ ትንሹ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅና ወደ አዋሽ የሚሄዱ ናቸውና፣ በላይኛው ሰፈር የተደፋው ቅባት በታችኛው ዳርቻ ጎመን የሚያጠጣውን ገበሬ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ሊነገር ይገባል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ያየ ሰው፣ ይህ ጡብ ሸክማቸውን ያቀልላቸው ዘንድ ሊመኝ ይችላል፤ ምኞቱ መልካም ቢሆንም ጡቡ ለቤት ምድጃ አይሆንም። በድፍድፉ ውስጥ ቫናዲየምና ኒኬል፣ በተቃጠለው ዘይትም ውስጥ ዚንክና ከሞተር የተፋቁ ሌሎች ብረቶች አሉ፤ በዝቅተኛ ሙቀት ሲነድም ጢሱ ለካንሰር የሚዳርጉ ውሑዶችን ይዞ ይወጣል። ተገቢው ስፍራው ጥሬ ዕቃው እስከ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚግልበት የሲሚንቶ እቶን ነው፤ በዚያ ዘይቱ ፈጽሞ ይቃጠላል፣ አመዱም ለሲሚንቶ ከሚፈጨው ክሊንከር ጋር ይዋሐዳል። ሜርኩሪን የመሰለ ተናኝ ብረት ግን ከጢሱ ጋር ስለሚያመልጥ፣ ዝቃጩ ወደ እቶን ከመግባቱ በፊት መመርመር አለበት። በ1989 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የባዝል ስምምነት የዘይትና የውኃ ድብልቅን ቁጥጥር ከሚሹት ቆሻሻዎች ጋር ቆጥሮታል፤ በአገራችንም የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ የሚመራበት አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥቷል።

በሸጎሌም ሆነ በሌላ ሰፈር ጋራዥ ያለህ አንባቢ ሆይ፣ የተቃጠለውን ዘይት ከውኃ ሳትቀላቅል በተከደነ በርሜል አኑር፤ ቅባት የጠጣውንም ሰጋቱራ ለብቻው ለይተህ አስቀምጥ እንጂ ለጎረቤትህ ምድጃ አትስጥ።