ካርካዴ፦ ከቡሪ እስከ ሮም

ቡሪ ሳለን፣ በረመዳን ፀሐይ ስትጠልቅ ጎረቤቶቻችን ቀይ ካርካዴ በጆግ ይልኩልን ነበር። የኮርዶፋኑን ደረቅ አበባ በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ የተማርኩት ከእነሱ ነው።

ታሪኩ ግን ይገርማል። ጣሊያን ሀገራችንን በመውረሯ በ1935 እ.ኤ.አ. ማዕቀብ ሲጣልባት፣ ፋሽስቶቹ ሕዝባቸውን «የእንግሊዝን ሻይ ተዉ፣ ካርካዴ ጠጡ» ይሉት ጀመር። የሚያስመጡትም ከኤርትራ ነበር! ወደ ጃማይካ ደግሞ በባርነት ከተጋዙ አፍሪካውያን ጋር ተሻግሯል።

ለደም ግፊትስ? በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ የግፊት መድኃኒት የማይወስዱ 65 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። በቀን ሦስት ስኒ ለስድስት ሳምንት የጠጡት የላይኛው ቁጥራቸው በአማካይ 7 ያህል ወርዷል። እናቴ ይህን ሰምታ ኪኒኗን ልታቆም ነበር። ከኪኒን ጋር ሲደረብ ግፊትን ከልክ በላይ ሊያወርድ ስለሚችል ሐኪም ጠይቁ። አሁን ኪኒኗንም ትውጣለች፣ ስኳር የቀነሰችበትን ካርካዴም ትጠጣለች።