የአሮጌ ተሽከርካሪ ክሩዝ ኮንትሮል ሲበላሽ መደረግ ያለበት ፍተሻና ጥንቃቄ

ክሩዝ ኮንትሮል አሽከርካሪው እግሩን ከነዳጅ መስጫ ፔዳል ላይ ቢያነሳም የመረጠውን ፍጥነት ጠብቆ ተሽከርካሪውን የሚያስኬድ መሣሪያ ነው። በአብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች አይሠራም። በመሆኑም ከሳሊተ ምሕረት ወደ መገናኛና ቦሌ በተጨናነቀ መንገድ በሚመላለስ አሮጌ መኪና ላይ ብልሽቱ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። የሚታወቀው መኪናው በ2007 ዓ.ም. ለአገልግሎት ክፍት በሆነው፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ሲወጣ ነው።

ሁለቱ የብልሽት ዓይነቶች

የመጀመሪያው መሣሪያው አልሠራ ሲል የሚታይ ሲሆን ሁለተኛው አንዴ ከሠራ በኋላ ፍሬን ሲያዝ አልለቅ የሚልበት ነው። ሁለተኛው በቀጥታ ለአደጋ ያጋልጣል። የመጀመሪያውም ቢሆን ችላ ሊባል አይገባም፤ ፍሬን ሲረገጥ ክሩዝ ኮንትሮሉን የሚያቋርጠው ማብሪያ ማጥፊያ በብዙ ተሽከርካሪዎች የፍሬን መብራትንም የሚያበራው ነው። ስለዚህ አልሠራ ያለ ክሩዝ ኮንትሮል የፍሬን መብራት አለመብራቱን የሚጠቁም ምልክት ሊሆን ይችላል።

ባለንብረቱ ራሱ ሊያያቸው የሚችላቸው ነጥቦች

ፍተሻው መኪናው በሜዳማ ስፍራ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ መከናወን ይኖርበታል።

1. የፍሬን መብራት፦ አንድ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ ሌላው ከኋላ ሆኖ መብራቶቹን ይመለከታል። በአንዳንድ አሮጌ ሞዴሎች የተቃጠለ አምፖል ብቻውን ክሩዝ ኮንትሮሉን ያስቆማል።

2. ፊውዝ፦ የተቃጠለ ፊውዝ የሚተካው በተመሳሳይ አምፔር ብቻ ነው። በሽቦ ማገናኘት እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

3. የፍጥነት መቁጠሪያ፦ ቀስቱ የሚዘል ወይም የማይንቀሳቀስ ከሆነ የፍጥነት መረጃ የሚያስተላልፈው ሴንሰር ሊፈተሽ ይገባል።

4. ገመድና ቱቦ፦ በገመድ በሚሠሩ አሮጌ ሞዴሎች ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ወይም የተያዘ ገመድ መኖሩ ይታያል።

5. የፍሪሲዮን ፔዳል፦ በማንዋል መኪና ፔዳሉ ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ከተበላሸ ክሩዝ ኮንትሮሉ አይሠራም።

6. የማስጠንቀቂያ መብራት፦ የሞተር ምልክት በርቶ ከቆየ ብዙ ተሽከርካሪዎች ክሩዝ ኮንትሮሉን ራሳቸው ያግዳሉ።

ለባለሙያ ብቻ የሚተው

በመሪው ላይ ያሉት ቁልፎች ካልታዘዙና ጡሩምባውም ካልሠራ ወይም የኤርባግ መብራት ከበራ ችግሩ በመሪው ውስጥ ባለው የኤሌክትሪክ ገመድ ላይ ሊሆን ይችላል። ኤርባጉ ድንገት ሊፈነዳ ስለሚችል መሪውን ባለሙያ ያልሆነ ሰው መፍታት የለበትም። ከፍሬን ዘይት ጋር የተያያዘ ማብሪያ ማጥፊያም እንዲሁ ለባለሙያ የሚተው ነው። የአሜሪካው ፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2009 ድረስ ከ14 ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪዎችን ለጥገና የጠራው የፍሬን ዘይት ወደዚሁ ክፍል እየሰረገ ቆመው ባሉ መኪኖች ላይ ጭምር እሳት ሊያስነሳ በመቻሉ ነበር።

በጉዞ ላይ ፍጥነቱ አልቀንስ ካለ

አሽከርካሪው ፍሬኑን ደጋግሞ ከመርገጥ ተቆጥቦ በጽኑ ረግጦ መያዝ፣ ወዲያውም ማርሹን ዜሮ ማድረግ አለበት። የሞተሩ ድምፅ ቢጨምርም ሊደናገጥ አይገባም። የአደጋ ማስጠንቀቂያ መብራት አብርቶ ወደ መንገዱ ዳር ከወጣና ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ ሞተሩን ያጠፋል። መኪናው እየሄደ ቁልፉን መንቀል መሪውን ስለሚቆልፍ ፈጽሞ አይፈቀድም። ከቆመ በኋላ የወለል ምንጣፍ የነዳጅ ፔዳሉን ይዞት እንደሆነ ማየት ይገባል፤ መንስኤው ካልታወቀ መኪናው ተጎትቶ ወደ ጋራዥ መወሰድ ይኖርበታል።

ከጉዞ በፊት

በዝናብ፣ በጭቃማ ወይም ትራፊክ በበዛበት መንገድ ክሩዝ ኮንትሮል መጠቀም አይመከርም። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ያለፈ ተሽከርካሪም ቢሆን ከምርመራው በኋላ ሊበላሽ ስለሚችል ባለንብረቶች ከከተማ ከመውጣታቸው በፊት ቢያንስ የፍሬን መብራታቸውን እንዲያረጋግጡ ይመከራሉ። ብልሽቱ እስኪጠገን ድረስ ክሩዝ ኮንትሮሉን አጥፍቶ በእግር ፔዳል ማሽከርከር ይገባል።