ስለ ራስ ቆዳ እርጅናና ስለ ሴቶች ጠጕር መሣሣት

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የጉራጌ አገር ከተማ ናት። በገበያዋ የሚሸጠው ቅቤ ለክትፎ ብቻ የሚፈለግ አይደለም፤ ከጥንት ጀምሮ የሴቶች ራስ መቀቢያም ነው።

በኢትዮጵያ የሴት ጠጕር የዕድሜዋ ምስክር ሆኖ ኖሯል። በደጋው አገር ልጃገረድ አናቷን ተላጭታ ሳዱላ ትባል ነበር፤ ስታገባ ጠጕሯን አሳድጋ ሹሩባ ትሠራለች። ሐዘን ሲደርስባት ትላጨዋለች። ስታረጅም በሻሽ ትሸፍነዋለች፤ ከክርስቲያኖቹ ወገን ብዙዎቹ ተላጭተው ቆብ ይደፉ ነበር። ስለዚህ ጠጕር የሚሣሣበት ዘመን የሚሸፈንበትም ዘመን ስለ ነበረ፥ መሣሣቱ ከሰው ዓይን ተሰውሮ ኖረ። በተገለጠ ጊዜ ግን ጥፋቱ በሠሪዋ እጅ ወይም ቅቤ በመታጣቱ ይመካኛል።

በእርግጥ አጥብቆ መሥራት ጠጕርን ይነቅላል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1907 ትሬቢች የተባለ የኦስትሪያ ሰው፥ የግሪንላንድ ሴቶች ጠጕራቸውን አጥብቀው ከማሰራቸው የተነሣ መመለጣቸውን ጽፏል። የዚህ ዓይነቱ ጕዳት የሚታየው ብዙውን ጊዜ በግንባርና በጆሮ ግንድ ዳር ነው።

የእርጅናው መሣሣት ግን ሌላ መልክ አለው። ሉድቪግ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1977 በሦስት ደረጃ እንደ ከፈለው፥ የግንባሩ ዳር ሳይነካ አናቱ ይሣሣል። ምክንያቱም ከአንድ በላይ ነው። የወር አበባ ሲቋረጥ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ የጠጕር የማደጊያ ጊዜ ያጥራል። ደግሞም በ2016 የጃፓን ተመራማሪዎች በአይጥና በሰው ራስ ቆዳ ላይ እንደ ገለጹት፥ ጠጕርን የሚያድሱትን ሕዋሳት በቦታቸው የሚያጸና ኮላጅን 17 የተባለ ፕሮቲን በዕድሜ ብዛት ይጐድላል። ያን ጊዜ ሕዋሳቱ ወደ ላይኛው ቆዳ ወጥተው ይረግፋሉ፤ የጠጕሩ ማብቀያም እያነሰ ሄዶ ይጠፋል።

ቅቤ የደረቀውን ቆዳና ጠጕር ያለሰልሳል፤ የጠፋውን ማብቀያ ግን አይመልስም። እንግዲህ ልዩነቱን ማወቅ ሁለት ጥቅም አለው። ለልጃገረዲቱ፥ ሹሩባዋን አላልታ በመሥራት ከጕዳት የምትድንበትን መንገድ ያሳያታል። ለአሮጊቲቱም፥ ዕድሜ ያመጣውን ነገር እንደ ራሷ ጥፋት ቈጥራ እንዳታፍር ያደርጋታል።